ሊቀ ገንዳ አያ ሙሉሰው

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ዝናብ ሲመጣ ስለ ደመና፣ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ስለ ሟቹ ኩላሊት ይተነትንላችኋል። ለእኛ ለጎንደሮች ግን ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ጠቅልሎ ሰጠንና ስማቸውን አያ ሙሉሰው አላቸው።

አያ ሙሉሰው የወይዘሮ ሸዋረግ ሆቴል የዋና ገንዳ ጠባቂ ናቸው። ያደጉት መካነ ብርሃን፣ የውሃው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት አገር ነው። ዋና አይችሉም፤ እግራቸውን እንኳ ገንዳው ውስጥ ነክረው አያውቁም። ስለ ውሃ ሲናገሩ ግን ዓሣ ያፍራል። «ሊቀ ገንዳ» የሚለውን ማዕረግ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ቢሰሙ ሲያንሰኝ ነው ይላሉ እንጂ አይቆጡም።

ልጄ ብሌን እግሯ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ሐኪሙ ዋና አዘዘላት። አያ ሙሉሰው በእጃቸው የሚበትኑት የክሎሪን ዱቄት ግን አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል፤ ልጅቷ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ትወጣ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረግ ማሽን ይግባ አሉ። ሻጩ ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ፤ አንዱ በጨው፣ አንዱ በመዳብ የሚሠራ። ለመዳቡ ክሎሪን የሚባል አያስፈልገውም ብሎ ማለ።

«ይህንማ እኔ ልንገራችሁ» አሉ ሊቀ ገንዳ። ጨው በማሽኑ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ እዚያው ክሎሪን ያደርገዋል፤ የጨው ገንዳ ክሎሪን የለውም ያለ ሰው ተታሏል። ደግነቱ ጥቂት በጥቂት መሠራቱ ነው፤ ጨውነቱም ከእንባ ያንሳል። መዳብ ግን አረንጓዴውን አልጌ ይገድላል እንጂ ጀርም ላይ ዘገምተኛ ነው፤ ትንሽ ክሎሪን ካልታከለበት አይታመንም፤ ሲበዛም ግድግዳ ያበልዛል። ይህን ሲጨርሱ የሻጩ የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋረግ ውሃ የማይበላሽበትን የአያታቸውን የመዳብ ማሰሮ አስታውሰው መዳቡን ገዙ። በሳምንቱ ውሃው ጠርቶ ወለሉ ላይ የወደቀ መርፌ ይታይ ጀመር። ደስ ብሎኝ ብሌንን ይዤ ብሄድ፣ አያ ሙሉሰው የገንዳው መውረጃ መሰላል አፍ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ምነው አያ?» አልኳቸው።

ጠዋት ከትክል ድንጋይ የመጡ ሃያ ሠርገኞች እንደታጠቡበት ነገሩኝ። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድተው የክሎሪን መመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ አደረጉበት። ክሎሪን ቢኖረው ቢጫ ይሆን ነበር፤ እንደነበረ ቀረ።

«የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ልጄ እዚህ አትገባም።»

«ልጄ» ያሉት የእኔን ነው። ውሃው እንዲህ ጠርቶ ምን ሆነ ብዬ ተሟገትኳቸው። ወይዘሮ ሸዋረግ ጩኸታችንን ሰምተው መጡና ወይ ተነሡ ወይ የገንዳውን ቁልፍ አስረክቡ አሏቸው። አያ ሙሉሰው ሰባት ልጅ ያሳደጉበትን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከወንበሩ ሳይነሡ ዘረጉላቸው። ምንም አላስረዱም። ካወቅኋቸው ወዲህ ዝም ሲሉ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮዋን ከቁልፉ ይልቅ ዝምታው አስደነገጣቸው። ቁልፉን ሳይቀበሉ ገቡና ለሻጩ ደወሉ፤ መዳቡ በጨው ተለወጠ። ጨዉ ሲጨመር አያ ሙሉሰው ውሃውን በጣታቸው እየቀመሱ ቡናቸው ላይ ከሚያደርጉት ጋር ያስተያዩት ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ክሎሪን እንደማይሠራም ያስረዳሉ፤ ለማስረዳት ደግሞ መብራት እስኪጠፋ አይጠብቁም።

ትናንት ብሌን ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠችው። ዞር ብዬ ባይ የሊቀ ገንዳ ጉንጭ ርሷል። ውሃው ተረጭቶብኝ ነው አሉኝ። የቆሙት አሥር እርምጃ ርቀው ነው።

ይህንማ እኔ ልንገራችሁ፤ ያ ውሃ ከገንዳው ይልቅ ጨው ይበዛዋል።