አልሙኒየም ለድስት ነው

ጀልባ የሚታሰርበት ዳርቻ ሁሉ አንድ ሞተር የሌለው የሞተር ሊቅ አያጣም። ሞተር ያላቸው ሰዎች ስለ ሞተር ብዙ አያወሩም፤ ጊዜው የላቸውም፤ ወይ ይነዳሉ፣ ወይ ይጠግናሉ፣ ወይ ቤንዚን ይለምናሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ሞተር ለመስበክ ሰው አስቀድሞ ከሞተር ነጻ መውጣት አለበት። በሰሎሞን ደሴቶች እንዲህ ያለ ሊቅ በየመንደሩ አለ። እኛ ማሮቮ በሚባለው የኮራል ባሕር ዳር ላለነው የደረሱን፣ ሊቀ ሊቃውንት ሄዝሮን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

እውቀታቸው የጠለቀው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በፕሮፔለር። ከሞተሩ ግርጌ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት ማለቴ ነው። ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አልሙኒየምና ስቴንለስ። አልሙኒየሙ ርካሽና ለስላሳ፣ ስቴንለሱ ውድና ጠንካራ ነው። ሌላው ሰው እንደ አቅሙ ይመርጣል። የአጎቴ ግን ምርጫ አይባልም፤ ሃይማኖት ነው።

«አልሙኒየም ለድስት ነው» ይላሉ፣ ዛፉ ሥር በተገለበጠው አሮጌ ጀልባቸው ላይ እንደ ዙፋን ተቀምጠው፣ አፍ የሚያቀላውን ፍሬ እያላመጡ። «ድስት ደግሞ እሳት ላይ እንጂ ባሕር ላይ አይጣድም።»

አዲሱ ፓስተር በመጡ ዕለት በስህተት «እንደምን አሉ?» ብለው ጠየቋቸው። ምእመናኑ መዝሙሩን ጀምረው ጨረሱ፣ ደግመውም ጀመሩ፤ ፓስተሩ ገና ስለ ክንፍ ውፍረት እየተማሩ ነበር። አንድ አውስትራሊያዊ እንግዳ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ሊያመልጣቸው ሞክሮ ነበር። አጎቴ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጠበቁት፤ ጭንቅላቱ ብቅ ባለ ቁጥር ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በሽማግሌው በሎጋ ቀብር ላይማ፣ አፈሩ እየተመለሰ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጥሩ ሰው ነበር» አሉኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ብቻ ዕድሜውን ሙሉ በአልሙኒየም ነዳ።»

ሌላው ሰው ገና ከሩቅ ሲያያቸው እሳት ላይ የተወው ነገር ትዝ ይለዋል። እኔ ግን ሰው አቋርጬ መሄድ አይሆንልኝም፤ ይህን ድክመቴን ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቁታል። «ነይማ የእህቴ ልጅ» ሲሉኝ ቅርጫቴን መሬት አስቀምጣለሁ፤ ቅርጫቱ ይከብዳል፣ ትምህርቱም ረጅም ነው። ስቴንለስ ክንፉ ስስ ስለሆነ ውሃውን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ስቴንለስ አይታጠፍም። ስቴንለስ አይዝግም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅሶች ይልቅ ይህን በቃሌ ይዣለሁ።

ከዚያ ማስረጃው ይመጣል። ከቅርጫታቸው ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ለክርስትና እንደሚሄድ ሕፃን ታቅፎ የሚወጣው፣ ከዋና ከተማው ከሆኒያራ በመርከብ ያስመጡት የራሳቸው ስቴንለስ ፕሮፔለር ነው። በኮኮናት ዘይት ስለሚወለውሉት ፊት ያሳያል። አንድ ጊዜ አጎቴ በሙሉ ፍጥነት ሲነዱ፣ ከውሃ በታች ካደፈጠ የኮራል ቋጥኝ ጋር ተላትሟል።

«እይው» ይሉኛል። «ጭረት አለው?»

«የለውም፣ አጎቴ።»

«ገልብጠሽ እይው።»

«የለውም።»

ይህን መልስ ሳይሰጥ ከዚያ ዛፍ ሥር የተነሣ ሰው የለም።

የማይናገሩት ቀሪውን ነው። ፕሮፔለሩ አልታጠፍም ስላለ ምቱ በዘንጉ ወደ ላይ ወጥቶ የሞተሩን ማርሾች ዱቄት አደረጋቸው። ሞተሩ ላይ ዛሬ ዶሮ ያድርበታል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ በአደባባይ የምትናገረው ግን ሚስታቸው አክስቴ ኔልማ ብቻ ናት። «ፕሮፔለሩ ዳነ፣ ሞተሩ ሞተ፣ ለቅሶ የተቀመጥኩት እኔ» ትላለች። እሷ እንደምትለው ያ ፕሮፔለር በመሃላቸው ይተኛል፤ አንሶላም ይሻማል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለዓመታት ምንጣፍ ሠርተን፣ የካሳቫ ዳቦ ጋግረን ሸጠን ጀልባና ሞተር የገዛን ጊዜ ግን ነገሩ ከቀልድ ወጣ። የመንደሩ ኮሚቴ፣ ማለትም ወንዶቹ፣ ሴቶች ሞተር ይዘው አያዘልቁትም ባይ ነበር። ሊቀመንበሩ እስከ ገና ጊዜ ሰጠን። እስከዚያ ጀልባው ተበላሽቶ አንድ ሳምንት እንኳ መርከቡ ካመለጠን፣ ኮሚቴው ይረከበዋል። መርከቡ በሳምንት አንዴ ሴጌ ወደብ ላይ ቆሞ ጎደሬያችንንና የዛፍ ለውዛችንን ወደ ሆኒያራ የሚወስድልን ነው። ነጂ ሆና የተመረጠችው አክስቴ ኔልማ ነበረች።

ፕሮፔለር በምንመርጥበት ዕለት አጎቴ ባልተጠሩበት ስብሰባ ላይ ከነማስረጃቸው ተገኙ። ማስረጃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ጭረት እንደሌለው መሰከረ። ከዚያ አክስቴ ተነሣችና፣ መንገዳችን በኮራል መሃል ስለሆነ አንድ ቀን መምታታችን አይቀርም፣ ከተመታም አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም፣ እንግዲያው የሚሰበረው ርካሹ ይሁን አለች።

«ድስት ልትገዙ ነዋ» አሉ አጎቴ።

«ሃያ ዓመት በድስት ያበላሁህ አልገደለህም።»

አልሙኒየም በሙሉ ድምፅ አለፈ።

አጎቴ ለመርህ ሲሉ በአልሙኒየም ድስት የበሰለ ነገር አልቀምስም አሉ። ረመጥ ውስጥ የተጠበሰ ስኳር ድንች ብቻ እየበሉ፣ በየደጃፉ እያለፉ መክሳታቸውን አሳዩን። አክስቴ ዓሣ በኮኮናት ወተት በሠራች ዕለት ግን መርሁ እስከ እራት ሰዓት ብቻ ቆየ።

አንድ የመርከብ ቀን ጆንያዎቹን ስንጭን ቅርጫታቸውን ይዘው መጡና ከጀልባው የፊት ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም። «ሚዛን እሆናችኋለሁ» አሉ። የተቀመጡትም ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ነው፤ ሊቅ ለተማሪ ጀርባውን አይሰጥማ። አክስቴ ከኋላ ሆና «ሄዝሮን፣ ዞር በል፣ አይታየኝም» ትላለች። እሳቸው አልሙኒየም ሲመታ እንዴት እንደሚታጠፍ በመዳፋቸው እያሳዩን ነው። የባሕሩ ውሃ ደግሞ እየሸሸ፣ ኮራሉ ወደ ላይ እየቀረበ ነበር። ገና መዳፋቸውን እንዳጠፉ ከሥራችን ግርርር የሚል ድምፅ መጣና ሁላችንም ጆንያ ላይ ወደቅን።

ሞተሩን ከውሃ አንሥተን አየነው። ሁለቱ ክንፎች እንደ ረጠበ ቅጠል ተጠቅልለዋል፤ የሦስተኛው ጫፍ የለም። አክስቴ አስነሣችው፤ ሞተሩ ደኅና ነው፣ ማርሹም ይገባል። ብቻ ውሃውን ከማማሰል በቀር ወደፊት አይልም። ከደሴቱ ወዲያ የመርከቡ ጥሩንባ ተሰማ። ጀልባው ውስጥ ያለነው ሴቶች ሁሉ አጎቴን አየናቸው። ያቺን የድስት ዓረፍተ ነገራቸውን ጠበቅኋት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ጊዜ ቢሏት ኖሮ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አቋርጥ ነበር።

አላሏትም። ልብሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ወደ ኮራሉ ወረዱ፤ ውሃው ወገባቸው ደረሰ። ቅርጫታቸውን ስበው ፎጣውን ፈቱ።

«ኔልማ፣ ፒንሳ አቀብዪኝ።»

ዳዶውን የምትይዘውን ሽቦ ነቀሉ፣ ዳዶውን ፈቱ፣ የተጣጠፈውን አልሙኒየም ለእኔ ሰጡኝና የራሳቸውን በቦታው አስገቡ። የሴቶቹ ሞተር ከሞተው ሞተራቸው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ልክክ አለ። ፒንሳው አንዴ አመለጣቸውና ብረት ብረትን ሲልጥ ሰማሁ፤ ጥርሴን ነከስኩ። እሳቸው ቀና አላሉም።

ውሃው ከልብሳቸው እየተንጠባጠበ የፊት ጫፉ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ አሁን ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ነው።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አሉ ሳይዞሩ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። «ይሄኛው አይታጠፍም። እሱ ካልታጠፈ የሚሞተው ሞተርሽ ነው።»

አክስቴ ጀርባቸውን አየችው። «ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«ግራ» አሉ፣ በእጃቸው እያመለከቱ።

እስከ ሴጌ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ፣ ሁሉንም በእጅ ብቻ። መዳፋቸው ከፍ ባለ ቁጥር አክስቴ ሞተሩን ታበርደዋለች፤ ኮራሉ ከሥራችን እንደ ደመና ያልፋል። ያን ሁሉ ዓመት ዝም እንዲሉ ስለት ስሳል የኖርኩት እኔ፣ ዝምታቸው ሲመጣ ጨነቀኝ። ከጆሯቸው በስተጀርባ ላብ ይወርድ ነበር፤ አንገታቸውም ከሲታ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። መርከበኞቹ ገመድ ሊፈቱ ሲሉ ደረስን፤ የመጨረሻውን ጆንያ ከእጃችን በጉተታ ተቀበሉን።

ገና መጥቶ አለፈ፤ ጀልባው እስከ ዛሬ የእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ አጎቴ አደብ ገዙ ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ሰውዬውን አያውቃቸውም። በማግሥቱ ዛፉ ሥር ሆነው ስቴንለስ የሴቶችን ጀልባ እንዴት እንዳዳነ ይሰብኩ ነበር፤ ወደየት ዞረው ተቀምጠው እንደነበር ግን ከታሪኩ ወጥቷል። የተጣመመውን አልሙኒየም ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ በመጥረቢያ ጀርባ እየቀጠቀጡ፣ በየምቱ «ድስት!» እያሉ አቀኑት። አክስቴም እሱኑ መልሳ ገጠመችው፤ ጫፉ ቢጎድልም ይገፋል። ስቴንለሱ ወደ ፎጣው ተመለሰ።

ባለፈው ዓርብ ከገበያ ስመለስ «ነይማ የእህቴ ልጅ» አሉኝ። ፀሐዩ ይፋጃል፣ ቅርጫቴ ውስጥ ያለው ዓሣም ጊዜ አይሰጥም። አስቀመጥኩት። ስስ ክንፍ፣ ቢላዋ፣ አይዝግም፣ ሁሉንም በተራው አለፍንበት። ከዚያ ፎጣውን ፈቱና ፕሮፔለሩን አንዱን ክንፍ በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ያዙልኝ። ከጣታቸው ወዲህና ወዲያ፣ ፒንሳው ያለፈበት መስመር ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ያብለጨልጫል።

«እይው» አሉኝ። «ጭረት አለው?»

ደህና አድርጌ አየሁት። ገልብጬም አየሁት።

«የለውም፣ አጎቴ።»