አውድማ የገባች ኳስ

ሩጫ የሚችል ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ እግሩ እያለ የማይደርስበት ነገር ያለ አይመስለውም። በደርግ ጊዜ ኮሌጅ ሳለሁ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበርኩ። ከኋላ በረጅሙ ተለግታልኝ ሮጬ ያልደረስኩባት ኳስ ትዝ አትለኝም፤ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ ዝም በሉልኝ። ስመረቅ ታዲያ ጠመኔ አስይዘው ላሊበላ መደቡኝ።

የላሊበላ ሜዳችን፣ ሜዳ ካላችሁት፣ አንድ ጎኑ ቁልቁለት ነው። ደልዳላ ቦታ ቢተርፋቸው ኖሮ የጥንቶቹስ ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ታች ይፈለፍሉት ነበር?

አንድ ታኅሣሥ ከወልዲያ ቡድን ጋር ስንጋጠም ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተጫዋች የሚመርጥ ጓድ ከደሴ መጣ። ዓይኑ ከገባሁ ጠመኔ ቀረ። ልቤማ ሳልመረጥ ደሴ ገብታለች።

በአሥረኛው ደቂቃ ያለችን አንዲት ኳስ ቁልቁል ተንከባለለች። እኔ እያለሁ ማን ይከተላታል? ስደርስ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ አውድማ ላይ፣ ገብሱ መሃል ተቀምጣለች። ዘልዬ ልገባ ስል መንሻቸውን ደቀኑብኝ። አውድማ በጫማ አይረገጥም አሉ። አወለቅሁ። ኳሷን ላነሳ ስል ደግሞ ምርት ሳይሰፈር ከአውድማ የገባ አይወጣም፣ በረከት ይዞ ይሄዳል አሉኝ። ጓዱ ከደሴ መምጣቱን ነግሬ ለመንኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ይልቅ በሬዎቹን ንዳ አሉ።

ቶሎ ከተሰፈረ ቶሎ ትወጣለች ብዬ ነዳሁ። ተወቅቶ ሊዘራ ሲል ደግሞ ነፋስ ጠፋ፤ ያ ቆብ የሚነጥቀው የላስታ ነፋስ። ይህን ጊዜ ልጃቸው ዝናሽ ጠላ ይዛ መጣች፤ ባዶ እግሬን አይታ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ቢዘገይም ብዙ አልከፋኝም።

ኳሷን ይዤ ሜዳው ስወጣ የጠበቁኝ ሁለት ፍየሎች ናቸው። ጓዱ በአሥር ደቂቃ ያየውን ግራ ክንፋችንን መርጦ ሄዷል። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

በዓመቱ ሽማግሌ ልኬ ዝናሽን አገባሁ። ይኸው ከትምህርት ቤት መልስ የአማቴን በሬ ስነዳ ስንት ታኅሣሥ አለፈ። አንድ ቀን በጎረቤት አውድማ መንሹም ማሰሮውም ምርት ሳይሰፈር እንደልቡ ሲገባና ሲወጣ አየሁና፣ አያ፣ የጫማውስ ይሁን፣ ያ ሁለተኛው ሕግ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋቸው።

መንሻቸውን ተደግፈው ትንሽ ሳቁ። "ወንድ ልጅ አልነበረኝም" አሉ። "ቁልቁለቱን ስትወርድ አየሁህ። መምረጥ የሚያውቀው ያ የደሴው ብቻ ነው?"