ምልዓተ ጉባኤውን ያሟላችው አረንጓዴ ነጥብ

የዲጂታል አሠራርና የዘላቂ ፈጠራ አራማጆች የኦንላይን ማኅበረሰብ የሥራ አመራር ኮሚቴ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ መጋቢት 9
ቦታ፦ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓዳ። በኦንላይን መሰብሰብ ስለሚቻልበት ሁኔታ ለመወያየት በቅድሚያ በአካል መገናኘት እንደሚያስፈልግ ታምኖበታል።
ሰዓት፦ ዘጠኝ ሰዓት የተባለው ስብሰባ አሥር ሰዓት ላይ በሰዓቱ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
ሰብሳቢው (የቢዝነስ አማካሪ)
ልብስ ሰፊዋ
ስልክ ጠጋኙ
የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት (የጸሐፊው አጎት)
የማኅበረሰቡ መሥራች (የጸሐፊው ታላቅ እህት፤ በኦንላይን)

ጸሐፊ፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፤ ድምፅ የመስጠት መብት የለውም።

አጀንዳ 1፦ ምልዓተ ጉባኤ

ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው በአምስት አባላት ሲሆን በጓዳው ውስጥ የተቆጠሩት አራት ናቸው። መሥራቿ ባለፈው ክረምት ማረፋቸው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ስልካቸውን ተመልክተው ከመሥራቿ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ እንደሚበራ ገለጹ። በደንቡ መሠረት ነጥቡ የበራለት አባል እንደተገኘ፣ ነጥቡ የጠፋበት ስብሰባውን ጥሎ እንደወጣ ይቆጠራል፤ ምልዓተ ጉባኤ የጎደለበት ስብሰባም ከመጀመሪያው እንዳልተካሄደ ይቆጠራል። ደንቡን ያረቀቁት ሰብሳቢው ናቸው።

ነጥቡ የሚበራው የመሥራቿ ስልክ በጸሐፊው ኪስ ውስጥ ስላለ ነው። ስልኩ መሥራቿ ካረፉበት ቀን ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ "ኧረ ነውር ነው፣ የሞተ ሰው ይቆጠራል እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ደንቡ ስለ ሞት የሚለው ነገር እንደሌለ መለሱ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 2፦ ወረቀት አልባ አሠራር

ሰብሳቢው ስለ ወረቀት አልባ አሠራር ያዘጋጁትን ጽሑፍ በወረቀት አባዝተው ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጂ አደሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ብለው ነው። ስልክ ጠጋኙ በስልክ ቢላክልን ምን ነበረበት አሉ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት "አንተ ደግሞ፣ እኔ አየር ልብላ?" ሲሉ ጠየቋቸው። ከረጅም ውይይት በኋላ ማኅበረሰቡ ወረቀት መጠቀም ማቆሙን የሚያበስር በራሪ ወረቀት በብዛት እንዲታተም ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ዘላቂ ፈጠራ

ልብስ ሰፊዋ "ዘላቂ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው "የጀመረው ሰው ባይኖርም የሚቀጥል ማለት ነው" ብለው አስረዱ። ጸሐፊው እንዲደግሙለት ጠይቆ ደግመውለታል። ስልክ ጠጋኙ ማንኛውም ነገር የሚበላሸው ሲነካካ መሆኑን ከሥራ ልምዳቸው ስላካፈሉ፣ ፈጠራው ዘላቂ ይሆን ዘንድ ከእንግዲህ ምንም አዲስ ነገር እንዳይሞከር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። መሥራቿ ዝም በማለታቸው እንደተስማሙ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 4፦ ንቁ ያልሆኑ አባላት

ሰብሳቢው ማኅበረሰቡ ለንቁ የኦንላይን ማኅበረሰቦች ውድድር መመዝገቡን አብስረው፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልጻፈ አባል ውጤታችንን ወደ ታች ስለሚጎትት ይሰረዝ አሉ። ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ጣሪያውን አዩ።

ስልክ ጠጋኙ አባል ሲሰረዝ የላከው ሁሉ አብሮት እንደሚጠፋ፣ ተፎካካሪ እንዳይሰርቅ በሰብሳቢው ትእዛዝ ስለተቆለፈም ገልብጦ ማስቀረት እንደማይቻል አስረዱ።

ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ትእዛዝ በስልክ መቀበል የተማሩት መሥራቿ በድምፅ በላኩላቸው ትምህርት መሆኑን ገልጸው ለማስረጃነት አሰሙ። "እትዬ፣ ቀዩን አይጫኑ አልኩዎት እኮ፣ ሰማያዊውን ነው። ወይኔ፣ ሙሽሪትን ሰረዟት" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ረጅም ሳቅ።

ጸሐፊው ትምህርቶቹ እንዳይጠፉ ለመነ። ሰብሳቢው "የኔ ልጅ፣ ሐዘንህ ይገባናል፤ ግን ይሄ ሥራ ነው" ካሉ በኋላ ሐዘን በአጀንዳ እንዳልተያዘ አስታወሱ። አጎት "ልጁም አይከፋው፣ ድምፁ በጽሑፍ ተገልብጦ ይታተምለት፤ በቅናሽ እሠራዋለሁ" አሉ። ጸሐፊው ሳቁ እንዴት እንደሚታተም ጠየቀ። አጎት መነጽራቸውን ጠረጉ።

ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢውና ስልክ ጠጋኙ ደገፉ። አጎት እጃቸውን እስከ አገጫቸው ድረስ አነሱ፤ እንደ ድጋፍ ተቆጠረ። ልብስ ሰፊዋ ተቃወሙ። መሥራቿ ዝም በማለታቸው በመሰረዛቸው እንደተስማሙ ተቆጥሮ ከነገ ጀምሮ እንዲሰረዙ ተወሰነ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አጠፋው። ቁልፉን ተጭኖ እስኪጨርስ ጊዜ ወስዶበታል።

ስልክ ጠጋኙ ነጥቡ መጥፋቱን አይተው "ወጣች" አሉ። ጸሐፊው ደንቡን አንብቦ አሰማ። ሰብሳቢው "ማነው እንዲህ ያለ ደንብ የጻፈው?" ብለው ተቆጡ፤ እርሳቸው መሆናቸው ተገለጸላቸው። "አብራው!" ተብሎ ሲታዘዝ ጸሐፊው ደንቡ ስለ ማብራት የሚለው ነገር እንደሌለ መለሰ። ልብስ ሰፊዋ "እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው" ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

በመሆኑም መሥራቿን ለመሰረዝ መሥራቿ መገኘት እንዳለባቸው ተረጋግጦ፣ በአጀንዳ 2፣ 3 እና 4 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባለመካሄዱ ተበተነ።

ማሳሰቢያ፦ ጸሐፊው ወደ ቤት ሲሄድ፣ መንገድ ላይ፣ ስልኩን መልሶ አብርቷል። እህቴ ኦንላይን ናት።