መፍቻዬ ከምስማር ያወረደኝ ቀን

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ነው ይህን ሕልም ያየሁት። ሕልም በቀን አይታይም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

አጥናፉ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ መውጫው ላይ ባለ ጎማ ቤት ጎሚስታ ነኝ። የከባድ መኪና ጎማ እፈታለሁ፣ አስራለሁ። በሕልሜም እዚያው ጎማ ቤት ነበርኩ፤ ብቻ ሸሚዜ ኮሌታው ላይ ምስማር ገብቶለት ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ። በስተቀኜ የቤቱ ባለቤት እትዬ ጌጤነሽ ከነቦርሳቸው ተሰቅለዋል። የእሳቸው ምስማር ከእኔ ወፈር ይላል። ሁለታችንንም ነገሩ አልገረመንም። እትዬ ጌጤነሽ ዛሬስ ብርዱ ጠንቷል አሉኝ፤ እውነትዎን ነው አልኳቸው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ዕቃዎቹ ሥራ ገቡ። ክሪኩ በሩን ከፈተ፣ መዶሻው ወለሉን ጠረገ። በመጨረሻ አራት ዓመት ሙሉ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ የፈታሁበት ባለ ባትሪ የኤሌክትሪክ መፍቻ መዝገብ ይዞ መጣ። ዓይኑ ላይ መነጽር አድርጓል። መነጽሩ የእኔ የሥራ መነጽር ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው።

"አቶ አጥናፉ፣ ሥራ አለ። ላውርድዎት?" አለኝ።

ከፍርድ ቤት መጥሪያ በቀር አቶ ብሎ የጠራኝ አላውቅም። አውርደኝ አልኩት። በሁለት እጁ ደግፎ፣ እግሬ መሬት መንካቱን አይቶ ነው የለቀቀኝ። እኔ ግን ሥራ ሲያልቅ እሱን ጎማ ክምር ላይ ነበር የምወረውረው።

ሥራ ከማስጀመሩ በፊት መረመረኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጠ ስንጥቅ ፈለገ። ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሻይ ብቻ መጠጣቴን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና መዝገቡ ላይ "ቻርጅ አነስተኛ" ብሎ ጻፈ። ባትሪው የደከመ ሰው ያጠበቀ ይመስላል እንጂ አያጠብቅም፣ ድምፁ ነው የሚያታልለው ብሎ ለመዶሻው አስረዳው። ቀጥሎ በግራ ጆሮዬ በኩል አጨበጨበ። አልሰማሁም። በቀኜ አጨበጨበ፤ ሰማሁ። ጆሮዬን ሳልሸፍን ስንት ዓመት እንደሠራሁ ጠየቀኝና አራት ስለው ያንንም ጻፈ።

ከዚያ አቧራዬን በደረቅ ብሩሽ አራገፈልኝ። እትዬ ጌጤነሽ ከተሰቀሉበት ሆነው በነጭ ጋዝ እጠበው እንጂ፣ እኛ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የምናደርገው ብለው መከሩት። ነጭ ጋዝም ሆነ ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጎዳዋል ብሎ በትሕትና እምቢ አላቸው። እትዬ ጌጤነሽ ተቀይመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ሹፌሩን በክንዱ ይዞ ገባ። መኪናው የሹፌሩ ጉልበት እንደላላበትና ዳገት ላይ እንደሚንቀጠቀጥበት ነገረን። ሹፌሩ ሱሪውን ሲሰበስብ ጉልበቶቹ ላይ አምስት አምስት ዳዶ አየን። መፍቻው ደረቴን ከፈተና ባትሪዬን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ደነገጥኩ። እጅ ሲቀየር ባትሪ ይወጣል፣ አለበለዚያ ሳይታሰብ ይዞሩና የሰው ጣት ይበላሉ አለኝ። ከዚያ የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን እጆቼን ነቅሎ ጥቁር ወፋፍራም እጆች ገጠመልኝ፤ መፍቻው ጫፍ ላይ ተሰክቶ ዳዶውን የሚይዘውን ወፍራሙን ቡሶላ ቁርጥ ይመስላሉ። የሚያብረቀርቀው በእጅ ለሚጠመዘዝ ሥራ ነው፣ ሲመታ ይሰነጠቃል አለ። ይህን አውቀዋለሁ። የማላውቅ መስዬ አዳመጥኩት።

ባትሪዬን መልሶ ሲያስገባልኝ ራሴን አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት። ፊት ለፊት "ሰውን በጥንቃቄ ስለመያዝ የተዘጋጀ ሥልጠና" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። አዳራሹ ጢም ብሎ በዕቃ ሞልቷል። ሠልጣኞቹ ከአሠልጣኙ ከመፍቻው ቀድመው ደርሰዋል። የክብር እንግዳው ንግግሩን በግማሽ ደቂቃ ጨርሶ ስላረዘምኩ ይቅርታ አለ። የሻይ ሰዓት ነው ሲባል ጥያቄ አልጨረስንም ብለው ማንም አልተነሣም። እንዲህ ያለ ሥልጠና አይቼ ስለማላውቅ፣ ተኝቼ እንደሆነ ያን ጊዜ ጠርጥሬ ነበር።

መዶሻው እጁን አወጣ። ሰው ሞልቷል፣ አንዱ ቢበላሽ ነገ ጠዋት ሌላው በር ላይ ይቆማል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መፍቻው ክንዴን ይዞ መድረክ ላይ አወጣኝና ግራ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳያቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቡሶላ ተሰንጥቆ የዘለለ ፍንጣሪ ነው። አንድ ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ ዓይኔ ነበር።

"ለዚህ ሰውዬ መለዋወጫ የለውም" አለ መፍቻው። "ፈልጌለት አጥቻለሁ።"

አንዳንዶቹ ጻፉት። መዶሻው አቀረቀረ። እኔን ግን እስከ ዛሬ እንዲያ ብሎ ስለ እኔ የተጨነቀ ሰው አላጋጠመኝም። መፍቻው ወደ እኔ ዞሮ፣ መነጽሩ እያለ ለምን እንዳላደረግኩት በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። ደንበኛው ቸኩሎ ነበር ልል አፌን ስከፍት የወጣው ድርርርር የሚል ድምፅ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት። ድርርርር። አሠልጣኙ መልሱ በቂ ነው ብሎ አመሰገነኝ።

ከመድረኩ ስወርድ እግሬ አስፋልት ረገጠ። መሃል መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ ቆሟል። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ዳዶዎች ናቸው፤ አንዱ ብርቱካን እየላጠ በመስኮት ያየኛል። ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ውጪ፣ የፊት ጎማው ላይ፣ ዳዶ በሚታሰርበት ቦታ ክብ ሠርተው ተጣብቀዋል። አሥር ናቸው። አንዲት አሮጊት፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ከረባት ያሰረ አስተማሪ፣ ሌሎችም።

መፍቻው ወገቤን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝና ይጀምሩ አለኝ። ከአሮጊቷ ጀመርኩ። ገና ከመነሻው በሙሉ ኃይሌ መታኋቸው።

"ልጄ፣ መጀመሪያ በጣትህ አስገባኝ" አሉ። "እንዲህ ከሆነማ ጥርሴ ይበላል።"

አፈርኩ። ሁሉንም በጣቴ እያዞርኩ አስገባኋቸው። ከዚያ ከአሮጊቷ ቀጥላ ወዳለችው ሕፃን ያዘለች ሴት ስሄድ መፍቻው ወደ ኋላ ሳበኝ። ጎን ለጎን አይደለም፣ አንዱን ካጠበቁ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፣ አለበለዚያ ጎማው ተጣሞ ይታሰራል አለኝ። ፊት ለፊት እየዘለልኩ አሥሩንም አዳረስኩ። ላብ አጠመቀኝ። ዳዶዎቹ ከውስጥ ሆነው ረፈደብን እያሉ መስታወቱን ይደበድባሉ።

መፍቻው ግን አልለቀቀኝም። መጥበቃቸውን በምን እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። በድምፅ ነው፣ ድርርር ሲል ቆይቶ ጠጠጠ ካለ ጠብቋል ማለት ነው አልኩት። ጥብቀት መለኪያ ቁልፍ የለዎትም ወይ ብሎ ቀጠለ። አለኝ፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አልኩት።

"ስለዚህ በጆሮዎ ነው የሚለኩት" አለኝ።

"አዎ።"

"በየትኛው?"

ሕፃን ያዘለችው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰዎቹ ከጎማው ጋር ይዞሩ ጀመር፤ አስተማሪው ወደ ላይ ሲወጣ አሮጊቷ ወደ ታች ይወርዳሉ። አቁሙ ብዬ ልጮህ ስል ድርርርር አልኩና ግንባሬ ከመስታወት ጋር ተጋጨ። ነቃሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ወንበሩ ላይ ያለው ግን ሰው ነው፤ አርባ አምስት ሰው። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እየወረድን ነው። ሹፌሩ ይማም ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሊወጣ ሲል የፊት ግራ ጎማው ተንፍሶበት እኛ ጋ መጥቶ ነበር። ክላክስ እያደረገ አዋከበኝ፤ እኔም ኮምቦልቻ የእህቴ ሠርግ ስላለብኝ ቸኩያለሁ። የመፍቻው ባትሪ አንድ መብራት ብቻ ቀርቶት እያለ አሥሩንም ዳዶ ድርርር አድርጌ፣ ሳልለካ ለቀቅኩት። ይማም ለውለታዬ ብሎ ከጎኑ በነፃ አሳፈረኝ።

"ይማም፣ ቁም" አልኩት።

"ምነው? ደብረ ሲና እኮ ደረስን።"

"የፊት ግራውን ልየው።"

ፊቴን አየና አልተከራከረኝም። ቀስ እያለ ዳር ያዘ። ወርጄ ዳዶዎቹን ነካካኋቸው። አራቱ በጣቴ ዞሩ።

የመኪናውን የእጅ ቁልፍ ተቀብዬ ሳስር ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከበበኝ። ከእኔ ኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነገሩ ሲገባቸው ትከሻዬን ይዘው፣ እግዜር ነው አንተን ከእኛ ጋር ያሳፈረህ አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ይህን ጎማ ያሰረውን ጎሚስታ ግን እጁን ይቁረጠው" አሉ።

ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ይማም መሬት መሬት እያየ አሚን አለ።