በገዛ ፓፓያዬ ስቀና

ለጓደኛችሁ ቤት አከራይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ተመስገን በሉ። እኔ ለማስተማር ወደ ጎብዬ ስዛወር የቆቦ ቤቴን ለጓደኛዬ ለመኮንን አከራየሁት። ተመልሼ «እንግዲህ ልቀቅልኝ» ብለው፣ «የት ልሂድ? ከሰፈሩ ጋር እኮ ተላምደናል!» አለኝ።

መላመዱንስ ተላምደዋል! በዚያ ሙቀት ውሃ እየተሸከምኩ ያሳደግኩት፣ ለእኔ አንድ ፍሬ ሰጥቶ የማያውቅ ፓፓያ፣ ለእሱ ሲሆን ፍሬው ከብዶት ጎብጧል። ውሻዬ የእሱን እጅ እየላሰ እኔ ላይ ይጮሃል። እኔ ወባ ሲጥለኝ ከአጥር ውጭ «እግዜር ይማርህ» ብለው የሚያልፉ ጎረቤቶች፣ እሱን ጉንፋን ሲይዘው ወተት ይዘው ይገባሉ። ቅናት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው! ሰው በገዛ ፓፓያው አይቀናም?

ቢቸግረኝ የሰፈሩን ታላቅ ጋሽ ይመርን «በሽማግሌ ይታይልኝ» አልኳቸው።

«ቀላል ነው ልጄ» አሉ። «እንዲህ ላለው ነገር ከመኮንን የተሻለ ሽማግሌ የለንም፤ እሱን እናስቀምጥልሃለን።»

«ጋሼ፣ የከሰስኩት እኮ እሱን ነው!»

በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ፣ ቤት ማጣት ከባድ ነው። መኮንን ደግ ሰው ነው፤ ሄደህ ለምነው፣ አንዷን ክፍል ያከራይሃል።»