የተሳቢው ባትሪ ጠባቂ

መብራት ባልገባበት ቦታ ሰዎች አንድ ባትሪ ለጋራ ይዘው ካደሩ፣ መሃላቸው አንድ ጋሽ ዘርዓብሩክ አይጠፋም። ማንም አይሾመውም፤ ራሱን ሾሞ ያድራል።

የኛው ጋሽ ዘርዓብሩክ ግዛታቸው ኮንጋ ዳገት ላይ፣ ከቡና ማጠቢያው ጎን የቆመ ጎማው የረገበ የጭነት መኪና ተሳቢ ነው። በቡና ወቅት ከዲላ የመጡ ሠራተኞች በሳንቃ ከፋፍለው ያድሩበታል። ጣሪያው ላይ አንድ ሶላር፣ ውስጡ አንድ ባትሪ፣ ባትሪው አጠገብ ደግሞ ክቡርነታቸው። በሥራቸው የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ኃላፊ ናቸው። ስልክ ሊሰካ የመጣን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ይመረምሩታል፤ «ትናንት አልሞላህም እንዴ? ምን ስታይበት ጨረስከው?» ከአዳሪዎቹ አንዱን፣ ሲራክን፣ ለጠዋት ጸሎት ኪቦርዱን እንዳይከፍት ከልክለዋል፤ «ጌታ ያለ ኪቦርድም ይሰማል» ብለው። የሚያጉረመርም ካለ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እያየሁት ነው።»

እያዩትም ባትሪው ገና በምሽቱ ይሞታል። ያኔ ሲራክ የሳንቃ ጎረቤቱን ማርቲን፣ ማርቲ ሲራክን፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ ደግሞ ሁሉንም ይጠረጥራሉ።

የለቃሚዎቹ ተቆጣጣሪ ፀዳለ ግን የምትጠረጥረው እሳቸውን ነበር። ገደብ ከተማ ያለችው ልጇ ቤቴል መውለጃዋ ደርሷል፤ ስልኳ ከጠፋ የልጇን ወሬ የምትሰማበት ሌላ መንገድ የላትም። ሙሉ እንዲሞሉላት ስትለምናቸው «ሩብ ይበቃሻል» አሏት። ሰውዬው የባትሪውን ኃይል ለመንደሩ ሳይሸጡት አይቀሩም ብላ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ተከተለቻቸው።

ጋሽ ዘርዓብሩክ እንደ ወትሮው፣ ቡናው በፀሐይ እንዳይሰነጣጠቅ አልጋዎቹን በሸራ አስሸፈኑ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው መሰላሉን ወጡና በተረፈችው ሸራ ሶላሩን አለበሱት። ጠርዝ ጠርዙን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ወተፉት።

«ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ። ይህን ፀሐይ ቡናው እንኳ አልቻለውም፤ ይሄ መስታወት ነው።»

«ይሄ እኮ የሚበላው ፀሐይ ነው።»

ሸራውን አዩ፤ ሶላሩን አዩ።

«እኩለ ቀንም?»

«እኩለ ቀንማ ዋናው ምሳው ነው፣ ጋሼ።»

ሸራውን ገፈፉት።

በማግስቱ ምሽት መብራቱ ደምቆ ሲቆይ ሲራክ ሌባው ማን እንደነበር ጠየቀ። ጋሽ ዘርዓብሩክ መሬት መሬት አዩ። «ተባሯል» አለች ፀዳለ። የሚሳሳለትን ነገር አልብሶ የሚያፍን ሰው ላይ መጨከን አቅቷት ነው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ቤቴል በሰላም ተገላግላለች።

ፀዳለ እያለቀሰች፣ ደግማ ደጋግማ እየጠየቀች ሳለ ጋሽ ዘርዓብሩክ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። «ይበቃሻል» ሊሉኝ ነው ብላ ተሸማቀቀች። እሳቸው ግን የራሳቸውን ስልክ ከባትሪው ነቅለው የሷን ሰኩላት።

«አውሪ እንጂ» አሉ። «እያየሁት ነው።»