ባርሲሳ ተረፋ ያልመጡበት ክረምት

እሳት በተነሣበት ሁሉ ከእሳት አደጋ መኪናው ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው አለ። ከተማው ይለያያል እንጂ ሰውየው ያው ነው። ባለቤቱ ቤቴ ቤቴ እያለ ሲያለቅስ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያስረዳል። ከነቀምቴ ወደ ኑኑ ቁምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእኛ ትንሽ ከተማ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክቡር ተረፋ ናቸው፤ የእንጨት ሥራ አስተማሪ የነበሩ ጡረተኛ። ሰዉ ሁሉ «ባርሲሳ» ይላቸዋል፣ መምህር ማለት ነው። የከተማዋን ግማሽ በአለንጋ ስላስተማሩ ዛሬም ተው የሚላቸው የለም።

የከተማዋ እሳት አደጋ ደግሞ አንድ ያረጀ መኪናና አራት ሠራተኛ ነው፤ ኃላፊዋ ድርቤ ትባላለች። ድርቤን በሰባት ዓመት ሥራዋ እሳት ለብልቧት አያውቅም። ባርሲሳ ግን በየሳምንቱ አንጀቷን ያሳርሩታል።

ኅዳር ላይ የሳህሉ የጭድ ክምር ተቀጣጠለ። ሾፌሩ ዮሚፍ መኪናውን ገና ሳያቆም ባርሲሳ «አይ ልጆቼ፣ እንዲህ አይደለም!» አሉ። ምኑ እንዲህ እንዳልሆነ እንኳን ዮሚፍ ፈጣሪም አያውቅ፤ ገና የተጀመረ ነገር አልነበረም። ውኃውን ከላይ ሲረጩ ከታች ነው አሉ፣ ከታች ሲረጩ ከላይ ነው አሉ። ጭዱ ነዶ ሲያልቅ ነግሬያችሁ ነበር ብለው ሄዱ።

ጥር ላይ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ጨሰ። ባርሲሳ የውኃውን ጎማ ከዮሚፍ እጅ ነጥቀው ሞተሩን ሳቱትና ተፈጭቶ የተቀመጠውን ዱቄት በሙሉ አቦኩት። ከዚያ በከተማው ዞረው የእሳት አደጋ ልጆች እህል ማበላሸት እንጂ ሌላ እንደማያውቁ አወሩ። ድርቤ ያን ቀን እንባዋ መጣ፤ ከእልህ ነው እንጂ ከሐዘን አይደለም።

መጋቢት ላይ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የልብስ ሰፊዋ የሩክያ ቤት ከከሰል ካውያ በወጣ ፍም ተያያዘ። በእኛ አገር ቤት ሲነድ ከሰው ቀጥሎ የሚታደጉት ቆርቆሮውን ነው። እንጨትና ጭቃ ይገኛል፣ ቆርቆሮ አይበቅልም። ጣራው ከተገለጠ ግን እሳቱ ትንፋሽ ያገኛል፤ ድርቤ ይህን ሰባት ዓመት ስትሰብክ ኖራለች። ባርሲሳ «ቆርቆሮውን አውርዱ!» ሲሉ ወጣቱ ሁሉ ጣራ ላይ ወጣ። ድርቤ ተዉ ብላ ጮኸች፣ ባርሲሳን እጃቸውን ይዛ ለመነች። እሳቸው እጃቸውን አስለቅቀው ትእዛዛቸውን ቀጠሉ። ጣራው ሲነሣ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ነፋሱም ለጎረቤቷ ለኢስማኢል ቤት አቀበለው። ሰው አልሞተም፤ ሁለቱም ቤት ግን አመድ ሆነ።

በማግስቱ ፌስቡኩም ገበያውም እሳት አደጋ ዘግይቶ ነው አለ። ድርቤ ስለ ቆርቆሮው ብትናገር «በሽማግሌ ታላክካለች» ተባለች። ግንቦት ላይ ከኃላፊነት ትነሣ እንደሆነ የሚወስን ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አንድ ሹም ስንፍናዋን ዘርዝሮ ሲጨርስ ባርሲሳ ተነሡ። ድርቤ አለቀልኝ ብላ አቀረቀረች፤ የደንብ ልብሷን አጥባ ለመመለስ እያሰበች ነበር። ባርሲሳ እንደ ወጉ ሰብሳቢውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እናቶችን፣ ከብቱንና አዝመራውን ሳይቀር ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ቆርቆሮውን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ ተው ብላኛለች። ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም ካልኩ እዋሻለሁ። የኢስማኢልን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ከእኚህ ሰው አፍ አጠፋሁ የሚል ነገር የሰማ በከተማው የለም፤ ሚስታቸውም ብትሆን። ሰብሳቢው ስብሰባውን በተነው። ድርቤ በኃላፊነቷ ቀጠለች። ባርሲሳም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መጋዛቸውን ይዘው ኢስማኢል ግቢ ምሰሶ ሲያቆሙ ታዩ፤ ማንንም ሳያዝዙ።

ሰኔ ላይ የመብራት ምሰሶ ተቀጣጠለ፤ ባርሲሳ አልመጡም። ድርቤ ተመስገን አለች። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ አሁንም አልመጡም። ያን ቀን አንድ ባርሲሳ ቢቀር ሃምሳ ባርሲሳ በቅሎ ዋለ፤ ሁሉም አዛዥ፣ ታዛዥ የለም። ዮሚፍ እንኳን ከመኪና ሲወርድ ዳር ዳሩን ማየት ጀመረ። ድርቤ ማንም ሳይሰድባት ሠርታ ቤቷ ገባችና እራቷ አልበላ አላት። ምን ነካኝ ብላ ራሷን ረገመች። ሽማግሌው ናፍቀዋት ነበር፤ አፍ አውጥታ ግን ብትሞት አትናገርም።

ነሐሴ ላይ የአንድ ገላና የሚባል ሰው ላም ለሽንት ቤት በተቆፈረ ጉድጓድ ገባች። የእሳት አደጋ ልጆች በሆዷ ሥር ገመድ አሳልፈው ጥርቅም አድርገው አሰሩ፤ የቀረው መጎተት ብቻ ነበር። ድርቤ ትንሽ ቆዩ አለቻቸውና ስልኳን አወጣች።

«ባርሲሳ፣ የገላና ላም ጉድጓድ ገብታብን ነበር። ገመዱ አልያዝ ብሎናል።»

 ባርሲሳ ላሟ በየትኛው ጎኗ እንደወደቀች ጠየቁ። ቀጥሎ ስልኩ ሳይዘጋ በር ሲከፈት ተሰማ።

ድርቤ ወደ ዮሚፍ ዞረች። «ፍታው» አለችው።

«ደህና አድርገን ነው እኮ ያሰርነው!»

«ፍታው አልኩህ፤ እየመጡ ነው።»